የአባቷ ስም ማን ነበር?

ፎቶግራፉ ከመዳፍ አይበልጥም። ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንድ ጥጉ ተቆርሷል፤ ታጥፎ በመክረሙ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አውጥቷል። ስምንት ልጃገረዶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። አራቱ ቆመዋል፤ አራቱ ከፊት ተንበርክከዋል። መሐል ላይ የተንበረከከችው ኳሷን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ በሁለት እጇ ይዛታለች። ማሊያቸው በቀለም ይመሳሰል እንጂ የአንዷ እጅጌ ረዥም ነው፣ የሌላዋ አጭር። ቁጥሮቹ ከነጭ ጨርቅ ተቆርጠው በእጅ እንደተሰፉ ክሩ ያስታውቃል። ከጀርባቸው የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ የተመታ ሳንቃ፣ ሳንቃው ላይ መረብ የሌለው ቀለበት ይታያል።

ፎቶውን ያሳዩኝ መካነ ሰላም የሚኖሩ፣ ስልሳን የተሻገሩ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። ቤታቸው የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ልጃቸው «እማ እኮ ኳስ ተጫዋች ነበረች» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ተነስተው ጓዳ ገቡና በፔስታል የተጠቀለለ ጨርቅ ይዘው ወጡ። ፎቶው ጨርቁ ውስጥ ነበር።

«ይቺ ነኝ» አሉኝ፣ ኳሷን የያዘችውን እየጠቆሙ።

ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ ስምንት ስም ተጽፏል። ስድስቱ ከነአባታቸው ናቸው። ሁለቱ የራሳቸው ስም ብቻ ነው ያላቸው፤ ከጎኑ ክፍት ቦታ ተትቷል።

«የእነዚህ የአባት ስም አልታወቀም እንዴ፣ እትዬ?»

«አንዷ እዚሁ ዘመድ አላት፤ አስጠይቃለሁ። ያስቸገረችኝ ይህቺኛዋ ናት» አሉ፣ ጣታቸውን ከዳር በቆመችው ረዥም ልጅ ላይ አሳርፈው። «በሰባ ሰባት ከቤተሰቧ ጋር በሰፈራ ሄደች። ስሟንማ እንዴት እረሳዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ኳስ የተቀባበልን ነን። የጠፋኝ የአባቷ ስም ነው። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ በየቀኑ እሰማው ነበርኮ፣ ልጄ።»

ስለ ቡድናቸው ልጽፍ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና አንድ ነገር አስማሉኝ፦ የስምንቱም ስም ሳይሟላ የእሳቸው ስም ለብቻው እንዳይወጣ። «እኔ ብቻዬን አልተጫወትኩም» አሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስማቸውን አታገኙትም።

የነገሩኝ ብዙ ነው። ያን ጊዜ መካነ ሰላም የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ የወሎ ክፍለ ሀገር መዲና ደሴ ደግሞ ለቦረና ልጅ የዓለም ጫፍ ያህል ሩቅ። ቅርጫት ኳስን ያመጣላቸው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። ኳሷን ይዞ መጣ፤ ቀለበት ግን አልነበረም። የከተማው አንድ ብረት ሠሪ ከአሮጌ በርሜል ላይ ክቡን ቆርጦ፣ አቅንቶ፣ ሳንቃ ላይ በሚስማር መታላቸው። ልጃገረዶቹ በዚያ ተለማመዱ። የበርሜል ክብ ግን ከደንቡ ቀለበት ይሰፋል፤ ደንቡ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ላይ ማንም አልነገራቸውም። ለውድድር ደሴ ወርደው የመጀመሪያውን ኳስ ሲወረውሩ ኳሷ ጠርዙን መትታ ተመለሰች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። «ቀለበቱ ጠበበብን» አሉኝ፣ ዛሬም እንደገረማቸው። «መምህራችን ወደ መስመሩ ጠጋ ብሎ፣ አብሽሩ፣ ከፍ አድርጋችሁ ጣሉት አለን። ከፍ አድርገን መጣል ጀመርን። ከዚያ ገባ።»

እንዴት ሄዱ? እህል በጫነ መኪና ላይ። ከመካነ ሰላም ተነስቶ ለጋምቦን አቋርጦ ደሴ የሚያደርሰው መንገድ በደጋው ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው። ውርጩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስምንቱ በሁለት ጋቢ ተሸፋፍነው፣ እግራቸውን ጆንያው መሐል ቀብረው ሄዱ። ኳሷ እንዳትወድቅ በተራ ያቅፏት ነበር። አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድ አሸንፈው ሁለት ተሸንፈዋል። ይህንንም ሲነግሩኝ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በቁጥር ነበር የጠሩልኝ።

እንግዲህ እኔን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ክፍት ቦታ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚገኘው በአባቱ ስም ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን ስም ከነአባት፣ ሲጠነክር ከነአያት ነው። መታወቂያው፣ የትምህርት ማስረጃው፣ እድሩ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሁሉም የሚጠይቀው ያንን ነው። የራስ ስም ብቻ የቀረለት ሰው መዝገብ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ያቺ ረዥም ልጅ በሕይወት ካለች ዛሬ የት እንደምትኖር፣ ልጆቿ እናታቸው ደሴ ድረስ ሄዳ ቀለበት ውስጥ ኳስ እንዳስገባች ያውቁ እንደሆነ ለመጠየቅ የቀረው በር አንድ ቃል ነው። ያ ቃል በየቀኑ በስም ጥሪ ይሰማ ነበር። ስም መጥሪያው ደብተር አሁን የለም።

ደብተሩ ለምን የለም የሚለውን ማንም ላይ ለመለጠፍ አልፈልግም። ነገር ግን ያየሁትን መደበቅም አልችልም። በአካባቢያችን ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ የድሮ የስፖርት ዋንጫ ካለ ብዬ ጠየቅሁ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና ተቀበለኝ፤ የተሰበሩ ዴስኮች አልፈን መጋዘኑ ጥግ ደረስን። ሦስት ዋንጫዎች ነበሩ። አንደኛው ውስጥ የኖራ ስብርባሪ ተሞልቷል። የሁለተኛው እጀታ የለም። ሦስተኛው ላይ ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር፤ በእጄ ጠርጌ አየሁት፤ «አሸናፊ» የሚለው ይነበባል፤ በምን፣ መቼና እነማን የሚለው ተፍቋል። ሠራተኛው አጠገቤ ቆሞ «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱም ሲረከብ እንዲሁ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረውም። በአንድ ሰው እጅ የጠፋ ነገር ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ በሁላችን እጅ ነው የጠፋው። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቢሮውም ትምህርት ቤቱም ተዘርፏል። ወረቀት ደግሞ ወንበርና ኮምፒውተር በተወሰደበት ቀን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነገር ነው።

አሁን ከመካነ ሰላሙ ቀለበት ወደ ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያው ቀለበት ልሂድ።

በ1891 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ካናዳዊው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ ብርዱ ከሜዳ ያባረራቸውን ተማሪዎቹን ቤት ውስጥ የሚያጫውት ነገር ሲፈልግ ሁለት ሳጥን እንዲሰጠው የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ለመነ። ሳጥን አልተገኘም። ሰውየው ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት አምጥቶ ሰጠው። ኔይስሚዝም ቅርጫቶቹን አዳራሹን በዞረው ሰገነት ላይ በሚስማር መታቸው። ሰገነቱ ከወለሉ ወደ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይል ነበርና ይኸው እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በአዲስ አበባ ራስ ኃይሉ ሜዳም ቢሆን፣ ቀለበቱ የሚሰቀለው በዚያው ልክ ነው። 13 ደንቦች ተጽፈው ተለጠፉ። 18 ተማሪዎች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ገጠሙ። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ ያቺን አንዷን ያስገባው ዊሊያም ቼዝ የሚባል ተማሪ ነው።

ይህን የምተርከው ጨዋታው ስለሚገርም አይደለም። ስሞቹን ተመልከቱልኝ። ከ130 ዓመት በኋላ ብቸኛዋን ኳስ ያስገባው ልጅ ስም ይታወቃል። ቅርጫቱን ያመጣው የሕንፃ ተቆጣጣሪ እንኳ ስቴቢንስ እንደሚባል ተጽፎ ቀርቷል። የእኛን ቀለበት ከበርሜል ላይ ቆርጦ የሠራው ብረት ሠሪ ግን ስሙ የለም። እትዬን ጠይቄያቸው ነበር፤ «ብረት ሠሪው ነው የምንለው» አሉኝ። ብረት ቀጥቅጦ የሚያድርን ሰው ለሥራው ስንፈልገው በር እናንኳኳለን፤ በክብር ስሙን የመጥራቱን ነገር ግን አባቶቻችን አልለመዱትም ነበር። ይህም የዚህ ጉዳይ አንዱ ቁስል ነው።

የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ በዚያው በስፕሪንግፊልድ ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች በ1959 እ.ኤ.አ. መዘገበ፤ ሕንፃው ግን ለሕዝብ የተከፈተው በ1968 ነው። እነዚያን ዘጠኝ ዓመታት አዳራሽ ተብሎ የቆየው ግድግዳ ሳይኖረው፣ የስም ዝርዝር ብቻ ይዞ ነበር። የእኛ ሰው ስለዚህ ነገር ሲነሳ የመጀመሪያ ጥያቄው «በጀት አለ ወይ? ቦታ ተሰጥቶታል ወይ?» ስለሚሆን ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። ሌላም አለ። በዚያ በ1959 መዝገብ ላይ ከታላላቆቹ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ጋር የመጀመሪያው ቡድን በሚል ርዕስ እነዚያ 18 ተማሪዎች በአንድነት ገብተዋል። አብዛኞቹ ከዚያ ጨዋታ በኋላ በቅርጫት ኳስ ዝና አላተረፉም። የተከበሩት ቀዳሚ ስለሆኑ ነው። ናይጄሪያ የተወለደው ሃኪም ኦላጁዋን በ2008 እ.ኤ.አ.፣ የኮንጎው ዲኬምቤ ሙቶምቦ በ2015 እ.ኤ.አ. የገቡበት መዝገብ የተከፈተው በእነሱ ነው። ዳኞችም ይገባሉ። ጨዋታውን ከጀርባ ሆነው ያገዙም ይገባሉ።

ኔይስሚዝ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሰልጠኛ ነበር፤ ተመራቂዎቹ ኳሷን ይዘው በዓለም ተበተኑ። እኛም ማኅበሩን የምናውቀው ወወክማ ብለን ነው። የአራት ኪሎውን ወወክማ ሜዳ የሚያስታውሱ የአዲስ አበባ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ወደ አገራችን ልመለስና ስለ 1954 ዓ.ም. አንድ ነገር ልበል። ጥር 13 ቀን፣ ከጥምቀት በሦስተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፤ ኳስ የሚወድ ሰው ስማቸውን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርደዋል። በዚያው 1954 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በካይሮ ተደረገ። ከተሳታፊዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አስተናጋጇ አሸነፈች። የእኛም ልጆች የአህጉሩ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ተሰልፈው፣ የአገራቸውን ማሊያ ለብሰው ተጫውተዋል። ብዙ የስፖርት ወዳጆችን ጠይቄአለሁ፤ ከዚያ ቡድን አንድ ተጫዋች ከነአባቱ ስም የጠራልኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እነዚያም ልክ እንደ ስፕሪንግፊልዶቹ 18 ተማሪዎች ቀዳሚዎች ናቸው።

ዋንጫ ያመጣ ይታወሳል፤ ይህ በሁሉም አገር ያለ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዋንጫ ያመጣውም ቢሆን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚታወሰው በአፍ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ከሮጠበት ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ታሪካችንን አስቡት፤ ስታዲየም በስሙ ተሰይሞለታል። አዲስ አበባ ላይ የኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና አለ። አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የሚጠራ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ አለ። እነዚህ ሁሉ ያስደስቱኛል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስቀናኝ በቆጂ ናት። በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ብቻ አይደለም ስም ሰጥታ የምትጠራው፤ መምህራቸውንም ትጠራለች። የትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩትን አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ከሯጮቹ እኩል ዓለም ያወቃቸው ሰው ስለጠየቀና እሳቸውም ስለተናገሩ ነው። የመካነ ሰላሙን መምህር ማን ጠየቀው? በክረምት ዝናብ ሳንቃውን አውልቆ ቤቱ አስገብቶ ያሳድረው እንደነበር የነገሩኝ እትዬ ናቸው። እንዳይሻግት ብሎ።

የእኛ አገር ስም ማቆየት የማያውቅ አገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ምዕራብ ደቡብ ወሎ የፈረስ አገር ነው። ከለጋምቦ እስከ ሳይንት፣ ከቦረና እስከ ወግዲና ከላላ፣ ጉግሱን ያየ ሰው ፈረሱንም ፈረሰኛውንም ሲያነሳ ይኖራል። ጀግናን በፈረሱ ስም መጥራት የአባቶቻችን የክብር አዳራሽ ነበር፤ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ግድግዳ የሌለው፣ በለቅሶና በሠርግ፣ በፉከራና በቀረርቶ እየተጠራ የሚዘልቅ አዳራሽ። በዚሁ ቦረና ምድር፣ ከዓባይ ገደል አፋፍ፣ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም አለ፤ የጻድቁ ገድል ተጽፎ ትውልድ ያነበዋል፤ ሐምሌ 7 በዓሉ ሲውል ስሙ ይነሳል። በየቤተ ክርስቲያኑ የወንጌል ኅዳግ ላይ መጽሐፉን ያስጻፈው፣ ጨርቁን ያለበሰው፣ መሬት የሰጠው ሰው ስም ሰፍሯል። በመስጊዱም በኩል ደረሳ ያስተማሩት ሼሆች ስም በመንዙማ እየተጠራ ከአንዱ ወደ አንዱ ይወርዳል፤ ማን ከማን እንደተማረ ይታወቃል። ያቺ ረዥም ልጅ የተወለደችው በዚህ ምድር ነው። ለፈረሰኛ፣ ለጻድቅ፣ ለሼህ፣ ለመጽሐፍ አስጻፊ ቦታ የተገኘለት መዝገብ ለኳስ ተጫዋች ልጃገረድ ቦታ የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ምን ይደረግ? እኔ የማስበውን ልናገር።

መጀመሪያ ሕንፃ አንጠይቅ። አንድ ወፍራም መዝገብ ይበቃል። ወረዳው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት አለው፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹ ከየወረዳው የመጡ ናቸው። አንድ ተማሪ ለፋሲካ ወይም ለዒድ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲሄድ፣ በቀበሌው ከ1983 ዓ.ም. በፊት በማንኛውም ስፖርት የተሰለፈ ሰው ካለ ይጠይቅ። ስም ከነአያት፣ የተጫወተበት ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ፣ አብረውት የተሰለፉት ስም፣ አሰልጣኙ ማን እንደነበር። ፎቶ ካለ በስልኩ ያንሳ፤ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የጀርባውንም። በጀርባው ያለው ይበልጣል።

ሁለተኛው የተጫወቱትን ማክበር ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ያየሁት አሳዝኖኛል። በተገኘሁባቸው አንዳንድ የስፖርት መዝጊያ ዝግጅቶች ካባ የሚደረበው፣ የምስክር ወረቀቱም የሚሰጠው ለክብር እንግዳው፣ ለአስተባባሪውና ገንዘብ ላዋጣው ነው። ያዋጣ ይመስገን፤ ገንዘቡ ባይኖር ውድድሩም አይኖርም። ተጫዋቾቹ ግን ጭብጨባቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ስማቸው በድምፅ ማጉያ እንኳ ሳይጠራ። የድሮ ተጫዋች ደግሞ ታዳሚ መሐል ተቀምጦ ይመለሳል፤ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በ1984 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሚያደርገው ውድድር ላይ የቀድሞ ስፖርተኞችን ከአገር ቤት ጠርቶ በክብር እንግድነት ሜዳ መሐል ያቆማቸዋል። ለዚያ የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋል። ለእኛ የሚያስፈልገን ከቀበሌ 01 እስከ ቀበሌ 02 የሚያደርስ ባጃጅ ነው።

ሦስተኛ፣ መራጩ ማን ይሁን የሚለው ያጣላናል። ከወዲሁ ማየት ይሻላል። መዝገቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ከሆነ ኃላፊው ሲለወጥ ይለወጣል። የተጫወቱ ሰዎች ራሳቸው፣ የቀድሞ መምህራን፣ ዳኞች፣ ከሁለቱም እምነት የተከበሩ ሽማግሌዎች ይቀመጡ። ያልተግባቡበትን ስም አይሰርዙት፤ ማን ምን አለ ብለው ከጎኑ ይጻፉት። ለጊዜው መምረጡን እንተወውና መመዝገቡን እንያዝ፤ የሚመርጥ ትውልድ የሚመርጥበት ነገር ይኑረው። ተንታ ላይ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አለን፤ እዚያ የሚሮጡት ልጆች ከእነሱ በፊት በዚህ ደጋ ማን እንደሮጠ የሚያነቡት ገጽ ይገባቸዋል።

ይህ ምን ይጠቅማል፣ ሕዝቡ ስንት ችግር አለበት የሚለኝ ሰው ይኖራል። ችግሩን አልክድም። ጎረቤታችንን ደቡብ ሱዳንን ግን አስታውሳለሁ። ማኑት ቦል ከዲንካ ምድር ተነስቶ በአሜሪካ ታላቁ ሊግ ተጫወተ። ካይሮ ላይም ከጦርነት ሸሽተው ለመጡ የአገሩ ልጆች ቅርጫት ኳስ አስተማረ፤ ከእነሱ አንዱ ሉዎል ዴንግ ነበር። ዴንግ በተራው ተጫውቶ ሲያበቃ የአገሩን ፌዴሬሽን መምራት ጀመረ፣ ከኪሱም አወጣ። በአገር ውስጥ ጣሪያ ያለው ሜዳ ያልነበረው ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኦሊምፒክ ደረሰ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በለንደን የወዳጅነት ጨዋታ በአሜሪካ በአንድ ነጥብ ልዩነት፣ 101 ለ 100፣ ነበር የተሸነፈው። ዴንግ የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ልጆቹም ዴንግ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ባለፈው ወደ እትዬ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ደብተር ይዤ ነበር። የልጅ ልጃቸው፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ስሞቹን እያነበበችልኝ ጻፍኩ። ስሙን ስትጨርስ በእኔ ምትክ አያቷን የምትጠይቀው እሷ ሆነች፤ «ይቺስ ምን ቦታ ነበር የምትጫወተው? ይቺስ?» ትላቸዋለች። ዘመዷ እዚሁ ያለችው ተጫዋች የአባቷ ስም ተገኘ፤ ሰባተኛውን መስመር ሞላን። በስምንተኛው ላይ ልጅቷ የተጫዋቿን ስም ብቻ አንብባ ዝም አለች። ክፍቱን ቦታ ሰፋ አድርጌ ተውኩት። በመምህሩና በብረት ሠሪው ስምም ሁለት መስመር ጨመርን፤ እነሱም ክፍት ናቸው።

ከ1977 ዓ.ም. በፊት መካነ ሰላም የተማራችሁ ወይም ያስተማራችሁ፦ ቁጥር 7 ማሊያ የምትለብስ፣ በግራ እጇ የምትወረውር፣ ከክፍሏ ሴቶች ሁሉ በቁመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ከቤተሰቧ ጋር በሰፈራ ሄደች። ስም ሲጠራ ከፊደል ተራው መጨረሻ አካባቢ ነበር የምትደርሰው። የአባቷን ስም የሚያስታውስ አለ?